ራሱ ያልገባበትን በር ለሌሎች የከፈተው ልጅ፦ ኧርኒ ዴቪስ

እስኪ ለአፍታ ራሳችሁን በዚህ ልጅ ቦታ አስቀምጡ። ቡድናችሁ ዓመቱን ሙሉ አንድም ጨዋታ ሳይሸነፍ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆኗል። በመጨረሻው ጨዋታ ኮከብ ተብላችሁ የተመረጣችሁት ደግሞ እናንተ ናችሁ። ማታ የእራት ግብዣ አለ፤ ሽልማቱም የሚሰጠው እዚያው ነው። ከዚያ አንድ መልእክት ይደርሳችኋል። መጥታችሁ ሽልማታችሁን መቀበል ትችላላችሁ፤ እንደተቀበላችሁ ግን አዳራሹን ለቅቃችሁ ትወጣላችሁ። እራቱ ለነጮች ነው።

ይሄ የፊልም ድርሰት አይደለም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1960 በአሜሪካ ቴክሳስ ግዛት፣ ዳላስ ከተማ ውስጥ በአንድ የ20 ዓመት ወጣት ላይ የደረሰ ነው። ስሙ ኧርኒ ዴቪስ ይባላል። ይሄ ልጅ ቀጥሎ በአሜሪካ የኮሌጅ ፉትቦል ትልቁን የግል ሽልማት ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ። ከዚያ ግን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ ገና በ23 ዓመቱ ይቺን ዓለም ተሰናበተ። ፕሮፌሽናል ሆኖ አንድም ጨዋታ አልተጫወተም።

ታዲያ አንድም የፕሮፌሽናል ጨዋታ ያልተጫወተ ሰው ከ60 ዓመት በኋላ ለምን ይታወሳል? ዛሬ እሱን እናወጋችኋለን። ረዘም ይላል፤ ጊዜ ስታገኙ ተረጋግታችሁ አንብቡት። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ስለ ጨዋታው ትንሽ

አሜሪካኖች ፉትቦል የሚሉት እኛ የምናውቀውን እግር ኳስ አይደለም። ኳሷ ሞላላ ናት፣ በአብዛኛው የምትያዘውም በእጅ ነው። በየቡድኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ሜዳው ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 100 ያርድ ነው፤ በሜትር 91 ገደማ ማለት ነው። አጥቂው ቡድን ኳሷን ይዞ በመሮጥ ወይም በመወርወር ወደፊት ይገፋል፤ ተከላካዩ ደግሞ ኳስ የያዘውን ሰው ጎትቶም ገጭቶም መሬት ላይ ይጥለዋል። ኳሷን ይዞ የተጋጣሚን የመጨረሻ መስመር ያለፈ ተችዳውን አስቆጠረ ይባላል፤ 6 ነጥብ ነው። ከዚያ በኋላ ተጨማሪ 1 ወይም 2 ነጥብ ለማግኘት አንድ ዕድል ይሰጠዋል።

ሁለት ነገር ያዙልኝ። አንደኛ፣ በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ቡድን ጨዋታ ቀላል ነገር አይደለም፤ አስር ሺዎች ስታዲየም የሚሞሉበት ትልቅ ውድድር ነው። ሁለተኛ፣ በኧርኒ ዘመን በኮሌጅ ደረጃ ቅያሪ የተገደበ ስለነበር ያው ተጫዋች ያጠቃል፣ ያው ተጫዋች ይከላከላል። ማረፍ የሚባል ነገር የለም።

የከሰል ማዕድን አካባቢ ልጅ

ኧርኒ የተወለደው ዲሴምበር 14 ቀን 1939 በፔንሲልቬኒያ ግዛት ኒው ሳሌም በምትባል ትንሽ ቦታ ነው። አባቱን አያውቅም፤ ሳይወለድ በአደጋ ሞቷል። እናቱ ገና ልጅ ነበረች፤ ብቻዋን ማሳደጉ ከበዳት። ስለዚህ ገና በጨቅላነቱ ዩኒየንታውን ለሚኖሩት ለእናቱ ወላጆች ተሰጠ። አያቱ የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ነበሩ። ቤቱ ሀብታም ባይሆንም ሥርዓት ያለበት ቤት ነበር፤ ሰው አክባሪነቱንም ትሕትናውንም እዚያ ነው የተማረው ይላሉ የሚያውቁት።

ልጁ አንድ ችግር ነበረበት። ይንተባተባል። ሲናገር ቃሉ አፉ ላይ ይያዝበታል። እንዲህ ያለ ልጅ ብዙ ጊዜ ዝምተኛ ይሆናል፤ ኧርኒም እንደዚያው ነበር። ሜዳ ላይ ግን መናገር አያስፈልግም። እግሩ ያወራለታል።

12 ዓመት ሲሆነው እናቱ ትዳር ይዛ፣ ኑሮዋም ተስተካክሎ ስለነበር ወደ እሷ ሄደ። ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ ያለችው ኤልማይራ ከተማ ናት። ትልቋ ኒው ዮርክ እንዳትመስላችሁ፤ ትንሽ የክፍለ ሀገር ከተማ ናት። እዚያ ኤልማይራ ፍሪ አካዳሚ የሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገባ። ፉትቦልም፣ ቅርጫት ኳስም፣ ቤዝቦልም ይጫወታል። የሚገርመው ደግሞ ብዙዎች የሚሻለው ቅርጫት ኳሱ ነው ይሉ ነበር። የትምህርት ቤቱ የቅርጫት ኳስ ቡድን ኧርኒን ይዞ 52 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፏል። 52!

ፉትቦል ሜዳ ላይ ደግሞ ኳስ ይዞ ሲወጣ የሚያቆመው ስላልነበረ የኤልማይራ ኤክስፕረስ የሚል ስም ወጣለት። ኤክስፕረስ የሚባለው በየጣቢያው የማይቆም ፈጣን ባቡር ነው። ስሙ እስከ ዛሬ ከሱ ጋር አለ።

የጂም ብራውን ጥላ

ሁለተኛ ደረጃን ሲጨርስ ብዙ ዩኒቨርሲቲ ፈለገው። እሱ የመረጠው ሲራኪዩስን ነው። አንደኛ፣ ከኤልማይራ ብዙ አይርቅም፤ እናቱ መጥታ ልታየው ትችላለች። ሁለተኛው ምክንያት ግን ጂም ብራውን የሚባል ሰው ነው።

ጂም ብራውን በሲራኪዩስ ከኧርኒ በፊት የነበረ ጥቁር ኮከብ ነው። ከምርጦቹም ምርጥ ነበር። ግን ቀላል ጊዜ አላሳለፈም። ሲገባ ስኮላርሺፕ እንኳ አልነበረውም፤ በአንደኛ ዓመት ቡድኑ ውስጥም ብቸኛው ጥቁር ነበር። በ1956 አገር ያወቀው ተጫዋች ሆኖ ሳለ የዓመቱ ምርጥ ኮሌጅ ተጫዋች የሚባልበትን የሃይዝማን ዋንጫ አላገኘም። 5ኛ ነው የወጣው። ዋንጫውን ያገኘው ፖል ሆርኑንግ፣ ቡድኑ በዚያ ዓመት 2 ጨዋታ አሸንፎ 8 የተሸነፈ ነበር። ነገሩ ብዙ ሰው ላይ ጥያቄ ጫረ፤ የብራውን ጥፋት ቀለሙ ነው ያሉ ብዙ ናቸው።

እንግዲህ ይሄን ሁሉ ያየው ጂም ብራውን ራሱ ነው ኧርኒን ሲራኪዩስ ግባ ብሎ ያግባባው። አሰልጣኙ ቤን ሽዋርትዝዋልደር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኖርማንዲ ላይ በፓራሹት የዘለሉ የአየር ወለድ ወታደር ነበሩ። ኮስተር ያሉ ሰው ናቸው፤ ልምምዳቸውም የወታደር ነው። ኧርኒ ገባ፤ ጂም ብራውን ይለብሰው የነበረውን 44 ቁጥርም ለበሰ።

በዚያ ዘመን ፍሬሽ ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ስለዚህ ኧርኒ 1958ን ከአንደኛ ዓመት ልጆች ጋር ጨረሰ። ቀጣዩ 1959 ነው።

1959፦ ያልተሸነፈው ቡድን

ሲራኪዩስ ያን ዓመት ያደረገውን በቁጥር ማየት ይሻላል።

ካንሳስን 35 ለ 21። ሜሪላንድን 29 ለ 0። ኔቪን 32 ለ 6። ሆሊ ክሮስን 42 ለ 6። ዌስት ቨርጂኒያን 44 ለ 0። ፒትስበርግን 35 ለ 0። ኮልጌትን 71 ለ 0፤ አዎ፣ 71 ለ 0። ቦስተን ዩኒቨርሲቲን 46 ለ 0። ሎስ አንጀለስ ድረስ ሄዶ ዩሲኤልኤን 36 ለ 8።

ከእነዚህ መሃል ያልጠቀስኩት አንድ ጨዋታ አለ። ኖቬምበር 7፣ ከፔን ስቴት ጋር፣ በፔን ስቴት ሜዳ። ሁለቱም እስከዚያ ቀን አልተሸነፉም ነበር። ሲራኪዩስ እየመራ ሳለ የፔን ስቴቱ ልጅ ከመሃል የተመታችውን ኳስ ከራሱ የመጨረሻ መስመር ተቀብሎ 100 ያርድ ሙሉ ሮጦ አስቆጠረ። ፔን ስቴት ሦስት ጊዜ ተችዳውን አገባ፤ ሦስቱንም ጊዜ ግን ተጨማሪውን ነጥብ ሳተ። ውጤቱ 20 ለ 18። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ሲራኪዩስ ኳሷን ጨምድዶ ይዞ ሰዓቱን ጨረሰ። ያን ቀን ከተሸነፈ ይሄ ሁሉ ታሪክ አይኖርም ነበር። በዚያው ቀን 1ኛ የነበረው የሉዊዚያናው ኤልኤስዩ በቴነሲ 14 ለ 13 ስለተሸነፈ ሲራኪዩስ ወደ 1ኛነት ወጣ።

በ10 ጨዋታ 390 ነጥብ አስቆጥሮ የተቆጠረበት 59 ብቻ። በአምስቱ ጨዋታ ምንም አልተቆጠረበትም። በማጥቃትም በመከላከልም ከአገሪቱ አንደኛ። ተጋጣሚ ኳስ ይዞ በመሮጥ በአማካይ በአንድ ጨዋታ 20 ያርድ እንኳ ማለፍ አልቻለበትም።

ይሄ የአንድ ሰው ሥራ እንዳይመስላችሁ። ከፊት የሚሰለፉት ሰባቱ ግዙፍ ልጆች መንገድ ካልጠረጉ ሯጭ የትም አይደርስም። የተጠረገውን መንገድ አይቶ ሽው የሚለው ግን ኧርኒ ነው። ገና በመጀመሪያ ዓመቱ 686 ያርድ ሮጠ፤ ኳስ በያዘ ቁጥር በአማካይ 7 ያርድ ማለት ነው። በዚህ ጨዋታ ቡድኑ በአራት ሙከራ 10 ያርድ ከሄደ ኳሱ አይወሰድበትም። ኧርኒ ብቻውን በሁለት ይጨርሰዋል።

የአገሪቱ ሻምፒዮን በዚያ ዘመን የሚታወቀው በጋዜጠኞች ድምፅ ነበር፤ ድምፁም የተሰጠው ከመጨረሻው ግጥሚያ በፊት ነው። ስለዚህ ሲራኪዩስ ሻምፒዮን ሆኖ ነው ወደ ዳላስ የሄደው። በዩኒቨርሲቲው ታሪክ እስከ ዛሬ ብቸኛው የፉትቦል ብሔራዊ ሻምፒዮንነት ያ ነው።

ዳላስ

የዓመቱ ማጠቃለያ ኮተን ቦውል ይባላል። ተጋጣሚው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በገዛ ግዛቱ፣ በደጋፊው ፊት። ሲራኪዩስ ውስጥ ሦስት ጥቁሮች አሉ፤ ኧርኒ፣ አርት ቤከርና ጆን ብራውን። ቴክሳስ ጋ አንድም የለም። በደቡቡ ክፍል ያኔ ጥቁርና ነጭ በሕግም በልማድም ተለያይቶ ነው የሚኖረው፤ ምግብ ቤቱ፣ ሆቴሉ፣ ትምህርት ቤቱ።

ኧርኒ ደግሞ ከጨዋታው ጥቂት ቀን በፊት ልምምድ ላይ የጭኑ ጅማት ተጎድቷል። መሮጥ ይችል ይሆን የሚለው ራሱ ጥያቄ ነበር።

ጨዋታው ተጀመረ። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ገር ሽዌዴስ ኳሷን ወረወረ፣ ኧርኒ ቀለበ፣ በዚያ በታመመ እግሩ ሮጠ። 87 ያርድ! እስከዚያ ቀን በኮተን ቦውል ታሪክ በውርወራ የተገኘ ረጅሙ ተችዳውን ነበር። በኋላ ሁለተኛ ተችዳውን ጨመረ። የሁለት ነጥብ ዕድሎችን ሁለት ጊዜ አስገባ። መከላከል ላይ ሲሆን ደግሞ ቴክሳሶች የወረወሩትን ኳስ መሃል ገብቶ ቀለበባቸው። ብቻውን 16 ነጥብ፤ ውጤቱ 23 ለ 14።

ጨዋታው ግን ሰላማዊ አልነበረም። ከእረፍት በፊት ድብድብ ተነሳ። የሲራኪዩስ ልጆች እንደተናገሩት መነሻው በጥቁር ጓደኛቸው ላይ የተሰነዘረ የዘር ስድብ ነው። አሁን ልብ በሉ፤ ከነጭ የቡድን ጓደኞቹ ብዙዎቹ ለጥቁሮቹ ጓደኞቻቸው የቆሙት እዚያው ቴክሳስ ውስጥ ነው።

ማታ መጀመሪያ ላይ የነገርናችሁ ነገር ሆነ። የጨዋታው ኮከብ ሽልማቱን ተቀብሎ ይውጣ ተባለ። ሌሎቹ ጥቁሮችም እንደዚያው። ሽዌዴስ ከዓመታት በኋላ እንደተናገረው ነጮቹ ተጫዋቾች ግብዣው ይቅርብን ብለው ነበር፤ ኃላፊዎቹ ግን አልፈቀዱም። ኧርኒ ሽልማቱን ይዞ ወጣ።

ሰው ምን ይሰማዋል እንዲህ ሲደረግ? ኧርኒ ተናዶ የተናገረው ነገር ብዙም አይታወቅም። ዝም አለ። ዝምታው ፍርሃት ነው ያሉት ነበሩ፤ ትዕግሥት ነው ያሉትም ነበሩ። ምላሹን ያየነው ግን ሜዳ ላይ ነው።

የሃይዝማን ዋንጫ

በ1960 ቡድኑ እንደ በፊቱ አልነበረም፤ 7 አሸንፎ 2 ተሸነፈ። ኧርኒ ግን 877 ያርድ ሮጠ። በ1961 የመጨረሻ ዓመቱ ነው። ተጋጣሚዎች ሁሉ ዋና ሥራቸው 44 ቁጥርን መጠበቅ ሆነ። ሁለት ሦስት ሰው እየተጠመጠመበትም አልቆመም። በሦስት ዓመት ውስጥ 2,386 ያርድ ሮጦ፣ 35 ተችዳውን አስቆጥሮ የጂም ብራውንን የዩኒቨርሲቲ ሪከርዶች ሰበረ።

በትምህርቱም አልሰነፈም፤ በኢኮኖሚክስ ነው የተመረቀው። ግቢ ውስጥም የሚወደድ ልጅ ነበር። ሲግማ አልፋ ሙ የሚባል፣ አባላቱ በአብዛኛው አይሁዳውያን የሆኑበት የተማሪዎች ማኅበር ተቀበለው፤ በዚያ ማኅበር ታሪክ የመጀመሪያው ጥቁር አባል እሱ ነው።

የሃይዝማን ዋንጫ ከ1935 ጀምሮ 26 ጊዜ ተሰጥቷል። 26ቱም ነጮች ናቸው። በ1961 ድምፁ ሲቆጠር ኧርኒ ዴቪስ የኦሃዮ ስቴቱን ቦብ ፈርጉሰንን በ53 ነጥብ ብቻ በልጦ አሸነፈ። ጠባብ ናት፤ ግን በቂ ናት።

ዲሴምበር 6 ቀን 1961 ኒው ዮርክ ከተማ ዋንጫውን ተቀበለ። በዚያው ቀን ፕሬዝዳንት ጆን ኤፍ ኬኔዲ ከተማው ውስጥ ነበሩ። ልጁን ማግኘት እፈልጋለሁ አሉ፤ ተገናኝተው ተጨባበጡ። ከሁለት ዓመት በፊት ከእራት የተባረረ ልጅ ከአገሪቱ መሪ ጋር። አይገርምም?

ዋሽንግተን፦ ሳይረግጥ የቀየረው ቡድን

አሁን ወደ ፕሮፌሽናሉ እንምጣ። ክለቦች ከኮሌጅ የሚወጡ ልጆችን የሚከፋፈሉበት ሥርዓት ድራፍት ይባላል። ባለፈው ዓመት መጨረሻ የወጣው ክለብ መጀመሪያ ይመርጣል። በ1961 ከ14 ጨዋታ 1 ብቻ ያሸነፈው የዋሽንግተን ክለብ ነበር። ስለዚህ አንደኛው ምርጫ የሱ ነው።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? የክለቡ ባለቤት ጆርጅ ፕሬስተን ማርሻል ጥቁር ተጫዋች አላስፈርምም ያለ ሰው ነው። ሌሎቹ ክለቦች ሁሉ ጥቁሮችን ሲያሰልፉ የቀረው የሱ ብቻ ነበር። አብዛኛው ገበያው ደቡብ ነው፤ የደቡብ ነጭ ደጋፊዎቹን ማስቀየም አልፈለገም። ግን አዲሱ ስታዲየሙ የተሠራው በመንግሥት መሬት ላይ ነው። የኬኔዲ መንግሥት የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ስቱዋርት ዩዳል ነገሩን አልተወውም። በመንግሥት መሬት ላይ በዘር ማግለል የለም፤ ጥቁር ካላስፈረምክ ስታዲየሙን አትጠቀምም የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ።

ማርሻል ተገደደ። በድራፍቱ የመጀመሪያውን ስም ጠራ፦ ኧርኒ ዴቪስ። ከመላ አገሪቱ አንደኛ ሆኖ የተመረጠ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ሆነ።

ግን ዋሽንግተን አልሄደም። ክለቡ ኧርኒን ለክሊቭላንድ ብራውንስ ሰጥቶ በምትኩ ቦቢ ሚቼልን ወሰደ፤ እሱም ጥቁር ነው። ሚቼል በ1962 ዋሽንግተን ገብቶ በዚያው ዓመት 1,384 ያርድ ኳስ በመቀበል የሊጉ መሪ ሆነ። ያ የተዘጋ በር የተከፈተው በኧርኒ ስም ነው፤ የገባበት ግን ሌላ ሰው ነው።

ለኧርኒም ክሊቭላንድ ጥሩ ነበር። ለምን ቢሉ እዚያ ጂም ብራውን አለ። ሁለቱ 44 ቁጥሮች በአንድ ቡድን ውስጥ ጎን ለጎን ሲሮጡ ለማየት አሜሪካ በሙሉ ጓጓ።

ያቺ በጋ

ጁላይ 1962። የኮሌጅ ኮከቦች ከፕሮፌሽናሉ ሻምፒዮን ጋር ለሚያደርጉት ዓመታዊ ግጥሚያ ቺካጎ አካባቢ ልምምድ ላይ ነው። ድካም ድካም አለው። አንገቱ አበጠ። መጀመሪያ ጆሮ ደግፍ ሳይሆን አይቀርም ተባለ። ሆስፒታል ገብቶ ደሙ ሲመረመር ሌላ ነገር ተገኘ፤ ሉኪሚያ፣ የደም ካንሰር።

በዚያ ዘመን ይሄ ዓይነቱ ሉኪሚያ የያዘው ሰው አይተርፍም ማለት ይቻላል። ሐኪሞቹ ለክለቡ ባለቤት ለአርት ሞዴል ነገሩት። ለኧርኒ ግን ወዲያው አልተነገረውም፤ የደም ችግር አለብህ ብቻ ተብሎ ከሁለት ወር በላይ ቆየ። ዛሬ ቢሆን ከባድ ጥያቄ የሚያስነሳ ነገር ነው፤ ስለ ገዛ አካልህ ሌላው አውቆ አንተ ሳታውቅ። ያኔ ግን ተስፋውን እንዳይቆርጥ በሚል እንዲህ ማድረግ የተለመደ ነበር።

ኦገስት ላይ ክሊቭላንድ ስታዲየም የወዳጅነት ጨዋታ ነበር። መብራቱ ጠፋ። አንድ የብርሃን ጨረር ብቻ በርቶ ኧርኒ በዚያ ውስጥ ወደ ሜዳው ወጣ። ስታዲየሙ ሙሉ ሰው ተነስቶ አጨበጨበለት። በክሊቭላንድ ሜዳ ላይ በክለቡ ስም የወጣው ያን ቀን ብቻ ነው። አንዲት ኳስ አልነካም።

ኦክቶበር ላይ እውነቱ ተነገረው። በዚያው ሰሞን መድኃኒቱ ሠርቶ በሽታው ለጊዜው ጋብ ብሎለት ነበር። ልምምድ ጀመረ። መጫወት ፈለገ። ባለቤቱ ሞዴል ዕድል ይሰጠው ባይ ነው፤ አሰልጣኙ ፖል ብራውን ደግሞ አላሰልፍም አሉ። ሁለቱም ሰዎች በሌላም ነገር አልተስማሙም ነበርና በ1963 መጀመሪያ አሰልጣኙ ተባረሩ። ኧርኒ ግን አልተሰለፈም።

በዚያ ጊዜ ያዩት ሁሉ አንድ ነገር ያነሳሉ። አያማርርም። ሊጠይቀው የመጣውን ሰው የሚያጽናናው እሱ ነው። በማርች 1963 በአንድ ታዋቂ መጽሔት ላይ ታሪኩ ወጣ፤ ርዕሱም ዕድለ ቢስ አይደለሁም የሚል ነበር። በ23 ዓመቱ ሞት ደጁ ላይ ቆሞ ያገኘው፣ የተመኘውን ሜዳ ሊረግጠው አንድ እርምጃ ሲቀረው የታመመ ልጅ ነው ይሄን ያለው። የጎደለውን ትቶ ያገኘውን ቆጠረ።

ሜይ 16 ሆስፒታል ገባ። ሜይ 18 ቀን 1963 በተኛበት አረፈ።

ኤልማይራ አስከሬኑን ሊሰናበቱ ከ10 ሺህ በላይ ሰዎች ተሰለፉ። የክሊቭላንድ ተጫዋቾችም ለቀብሩ መጡ። የአሜሪካ ኮንግረስ ሁለቱም ምክር ቤቶች በክብር አነሱት። የተቀበረው እዚያው ኤልማይራ፣ ዉድሎውን መቃብር ነው። ክሊቭላንድ ብራውንስ ሊለብሰው የነበረውን 45 ቁጥር ማንም እንዳይለብሰው አደረገ። አንድም ጨዋታ ያልተጫወተበት ማሊያ!

ከሱ በኋላ

ኧርኒ ከመሞቱ በፊት አሰልጣኙን ተከትሎ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊያግባባ ሄዶ ነበር። ልጁ ፍሎይድ ሊትል ይባላል፤ እሱም ጥቁር ነው። ልክ ጂም ብራውን ለሱ እንዳደረገው ኧርኒም ለፍሎይድ አደረገለት። ፍሎይድ ሌሎች ትልልቅ አማራጮች ነበሩት፤ ገና አልወሰነም። የኧርኒን ሞት ሲሰማ ስልክ አንስቶ ሲራኪዩስ እገባለሁ አለ። 44 ቁጥርን ለበሰ። በኋላ በዴንቨር ብሮንኮስ ታላቅ ተጫዋች ሆነ፤ በ2010ም የፕሮፌሽናል ፉትቦል የክብር መዝገብ ውስጥ ገባ።

ሌሎቹስ በሮች? ከኧርኒ ቀጥሎ ሃይዝማንን ያገኘው ጥቁር ማይክ ጋሬት ነው፤ በ1965። ያ ዳላስ ላይ አንድም ጥቁር ያልነበረው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በ1970 የመጀመሪያውን ጥቁር ተጫዋች በዋናው ቡድን አሰለፈ። አስር ዓመት ፈጀ፤ ግን ሆነ።

ሲራኪዩስ በ2005 ቁጥር 44ን በክብር ሰቀለው። የዩኒቨርሲቲው የፖስታ ቁጥር ራሱ 13244 ነው፤ መጨረሻውን እዩት። በ2008 ሐውልት አቆሙለት። እዚህ ላይ ፈገግ የምታሰኝ ነገር አለች፤ ሐውልቱ የተጫማው ጫማ ላይ የናይኪ ምልክት ነበረበት። ኧርኒ ሲጫወት ናይኪ የሚባል ድርጅት አልተፈጠረም! ሰው ነቃ፣ ኋላ ተስተካከለ።

በዚያው ዓመት ዘ ኤክስፕረስ የሚል ፊልም ወጥቷል። ፈልጋችሁ እዩት፤ ግን ሁሉም ነገሩ እውነት አይደለም። ለምሳሌ የ1959ኙ የዌስት ቨርጂኒያ ጨዋታ በፊልሙ ዌስት ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ተመልካቹ እየሰደባቸው የተካሄደ ነው የሚመስለው። እውነታው ግን ጨዋታው የተደረገው በሲራኪዩስ ሜዳ ነው። የዳላሱ ግን እውነት ነው።

አንዳንድ ሰው ረጅም ዕድሜ ኖሮ ሁሉንም ያገኛል። ኧርኒ ዴቪስ ከእራቱ ወጣ፣ ዋሽንግተን አልደረሰም፣ ክሊቭላንድ አልተጫወተም። ግን እሱ ባለፈበት ሁሉ ከኋላው የመጣው ሰው መንገዱ ቀልሎ አገኘው። የሰው ሕይወት በዕድሜ ብቻ አይለካም የሚባለው እንዲህ ያለውን አይቶ ነው።

ነፍሱን ይማር።

እናንተስ፣ በዚያ ማታ በኧርኒ ቦታ ብትሆኑ ሽልማቱን ተቀብላችሁ ትወጡ ነበር ወይስ አልቀበልም ትሉ ነበር? ኮሜንት ላይ አጫውቱን። ታሪኩን ከወደዳችሁት ለጓደኞቻችሁ አጋሩ።